የኋላው፣ ይሰማል?

ስዊድን አገር ሮግስቬድ የሚባል ሰፈር በገባሁበት ዓመት፣ በረዶ በጣለ ቁጥር፣ ከጫካው ተነስቶ ወደ ሕንፃችን የሚመጣ የሰው ዱካ አይ ነበር። የሚመጣ ብቻ። የሚሄድ የለም። የወጥ ቤታችን መስኮት ወደ ጓሮ ነው የሚያየው፤ ጓሮው ሜዳ ነው፣ ከሜዳው ማዶ የጥድ ጫካ አለ። መጋረጃውን ስገልጥ ሜዳው እንደ አዲስ አንሶላ ነጭ ነው፤ መሃሉ ላይ ያቺ አንዲት መስመር፣ የጫማው ጫፍ ወደ እኛ፣ ተረከዙ ወደ ጫካው ሆኖ፣ ቀጥ ብላ መጥታ የሕንፃችን የኋላ በር ላይ ታበቃለች። አዲስ በረዶ ይጥልና ይሸፍናታል። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ደግሞ ሌላ መጥቶ ገብቷል።

ለባለቤቴ ነገርኩት። አውቶቡስ ነጂ ነው፤ የሚያምነው የጊዜ ሰሌዳ ብቻ ነው። «ሚዳቋ ይሆናል» አለኝ። «ሚዳቋ ቦት ጫማ ያደርጋል?» አልኩት። «እዚህ አገር ምን የማያደርግ አለ» ብሎ ፊቱን አዙሮ ተኛ።

እኔ ፈሪ አይደለሁም። አዲስ አበባ ያደግኩት ከቤተ ክርስቲያን መቃብር ጀርባ ነው፤ ሙታን ጎረቤቶቼ ነበሩ፣ አንድም ቀን አስቸግረውኝ አያውቁም። ግን የመጣ እንግዳ መሄድ አለበት። በየቀኑ እየገባ የማይወጣ ነገር አንድ ሕንፃ ውስጥ ሲጠራቀም ምን ይሆናል? ሰዉ እንደሆነ ደረጃ ላይ «ሄይ» ብሎ በሩን ቆልፎ የሚጠፋ ነው፤ ማንን ይጠይቁታል? መስኮቱን በጊዜ መጋረድ ጀመርኩ። በታኅሣሥ ደግሞ በጊዜ ማለት ከምሳ በኋላ ማለት ነው፤ ፀሐይዋ ለአመል ብቅ ብላ ትሄዳለች።

ትቬትስቱጋ የሚሉት የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ምድር ቤት ነው ያለው። በተራ ነው የሚገባው፤ በሰው ተራ መግባት እዚህ አገር ሰው ከመግደል ትንሽ ነው የሚያንሰው። መብራቱ የሚንቀሳቀስ ሰው ሲያጣ በራሱ ይጠፋል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ አንሶላዎቼን ውጦ አልከፍትም አለኝ። ፊቱ ቆሜ በአማርኛ ስረግመው፣ «አንተ ድፍን፣ የሰው ዕቃ በልተህ ዝም!» ስለው፣ መብራቱ ድርግም አለ። ያን ጊዜ ከጀርባዬ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ በሹክሹክታ፣

«ቁም። ማን ነህ?» የሚል ሰማሁ።

በአማርኛ። በስመ አብ ማለት እንኳ ጠፋኝ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነው፤ ከእኛ በቀር በዚያ ሕንፃ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ፍጡር እንደሌለ አውቃለሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል?

«የኋላው? አንተ ነህ?»

እጄን ሳወናጭፍ መብራቱ በራ። በሩ ላይ የቆሙት ረጅም ጥቁር ሽማግሌ ናቸው። ከረባት አድርገዋል፤ እግራቸው ላይ የቤት ጫማ፣ እጃቸው ላይ የሸሚዝ ቅርጫት። ከእኔ ይበልጥ የደነገጡት እሳቸው ነበሩ። ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ «ይቅርታ እመቤት። በዚህ ቋንቋ ሲናገሩ ሰማሁ። ከሰማሁት ብዙ ዘመን ነው» አሉኝ። እኔም ከድንጋጤዬ ስመለስ ያልኩት «አባባ፣ ሰው በልብ ድካም ሊገድሉ ነው እንዴ?» ነው። ሳቁ። ጎረቤታሞች የሆንነው በዚህ ነው።

በዚያ የብርድ ወራት፣ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው ቤታቸው ለሻይ ስወጣ ስወርድ፣ ታሪካቸውን ሰማሁ። የተወለዱት በአፍሪካ ደቡብ፣ ስሟን እዚህ በማልጽፋት አገር ነው። አባታቸው የቅኝ ገዢዎቹን መንገድ በግዳጅ ሲቆፍሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ራሳቸው በሠሩት መንገድ ላይ ነጭ ሲመጣ ወርደው ቦዩ ውስጥ ይቆሙ ነበር። እሳቸው ይህን እያዩ አደጉ፣ አስተማሪ ሆኑ፣ ሕዝብ አሳደሙ፤ ሊያዙ ሲሉ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ወደ ሰሜን አመለጡ። በጭነት መኪና፣ በጀልባ፣ በእግር ብለው አዲስ አበባ ደረሱ። በንጉሡ ዘመን ነው። የነጻነት ታጋዮች የሚሠለጥኑበት ካምፕ ገብተው ብርዱን፣ ሽሮውንና አማርኛውን አብረው ለመዱ። አሥር አለቃው የሰደባቸውን ስድብ በሙሉ ያስታውሱታል፤ አንዳንዱን እኔም ሰምቼው አላውቅም።

አገራቸው ሲመለሱ አማርኛው መሣሪያ ሆነ። ቅኝ ገዢዎቹ የአገሬውን ቋንቋ ሁሉ የሚያዳምጥላቸው ሰው ነበራቸው፤ አማርኛ የሚሰማ ግን አልነበራቸውም። ጫካ ውስጥ እሳቸው የታጋዮቹን ሰልፍ ከፊት ይመራሉ፤ ጓደኛቸው ከሁሉም መጨረሻ ይሄዳል። ስም አይጠራም። «የኋላው፣ የኋላው፣ የፊቱ ነኝ፤ ይሰማል?» ይላሉ በሬዲዮ። «ይሰማል» ይላል እሱ። ጠላት ቋንቋው የየት እንደሆነ ሳያውቅ ጦርነቱ አለቀ።

ከነጻነት በኋላ ሚኒስትር ሆኑ። የመንገድ ሚኒስትር። ግድግዳቸው በፎቶግራፍ የተሞላ ነው፤ ከመሪዎች ጋር ሲጨባበጡ፣ ባንዲራ ሲሰቅሉ፣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ጣታቸውን ቀስረው ሲናገሩ። አንዱ ፎቶ ግን ባየሁት ቁጥር ይቀፈኝ ነበር። እሳቸው በሙሉ ልብስ ቆመው ሪባን ይቆርጣሉ፤ ከኋላቸው ሰፊ አዲስ አስፋልት ይታያል፤ አስፋልቱ ሄዶ ሄዶ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ላይ ያልቃል። አገር የለ፣ ድልድይ የለ፣ ምንም የለ። «ይሄ መንገድ የት ነው የሚያደርሰው?» አልኳቸው። «ገና ነው» አሉኝ። ስለ ጓደኛቸው ስጠይቅ ደግሞ አማርኛውን ትተው በእንግሊዝኛ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው፣ «በጀግንነት ተሰዋ፤ በዋና ከተማችን በስሙ ጎዳና ተሰይሞለታል» አሉ። አልገፋሁበትም።

ዱካው የማን እንደሆነ ያወቅኩት ከገና በኋላ ነው። ገና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፣ ግን ሰማዩ ጠቁሯል፤ በየመስኮቱ ፈረንጆቹ ለበዓል የሚያስቀምጡት የኤሌክትሪክ ሻማ በርቷል። ሰሃን እያጠብኩ ቀና ስል ሽማግሌው ሜዳው መሃል ቆመዋል። ኮት፣ ባርኔጣ፣ ከረባት። ፊታቸው ወደ እኔ ነው። እጄን አወዛወዝኩላቸው። በቀጥታ እያዩኝ መልስ አልሰጡኝም። ትንሽ ቆይቼ ሳይ አንሰዋል። ዓይኔ ነው ብዬ በእርጥብ እጄ አሸሁት። ፊታቸው ወደ እኔ እንደ ሆነ እየራቁ ነው። ወደ ኋላ፣ ተረከዛቸውን እያስቀደሙ፣ ሳይገላመጡ ሄደው ዛፎቹ ፊታቸውን ከለሉት። ሰሃኑን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከጫካው ወጡ፤ አሁን እንደ ሰው ፊታቸውን አስቀድመው፣ እያንዳንዱን እግር ቅድም በረገጡት ቦታ እያስገቡ መጡ። ስለዚህ ነው ዱካው አንድ የሆነው።

በማግስቱ ጤነኛ ነበሩ፤ ጠየቅኳቸው። ሳያፍሩ ነገሩኝ። በጫካው ዘመን የኋላው ሰው ጠላት እንዳይከተል ፊቱን ወደ መጡበት አዙሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በቅጠል የሁሉንም ዱካ ይጠርጋል፤ ያመለጠው ዱካ ቢኖር እንኳ የመጣ እንጂ የሄደ አይመስልም። «ታዲያ እዚህ ማን ያሳድድዎታል፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ማንም» አሉ። «እዚህ ቅጠል አልይዝም።»

አልገባኝም። ሻዬን ጠጥቼ ወረድኩ።

በሚቀጥለው ዓመት አእምሯቸው ይከዳቸው ጀመር። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ እናቷ ስዊድናዊት ነርስ ነበሩ፣ በትግሉ ዘመን ለታጋዮች መድኃኒት ሲያሰባስቡ ነው የተዋወቁት፤ ሴትዮዋ ሞተዋል። ልጅቱ እዚሁ ያደገች፣ ሥራ የሚበዛባት ደግ ሴት ናት፤ በየእሑዱ ትመጣለች። አባቷ ከሥልጣን የወረዱት በምን እንደሆነ የነገረችኝ እሷ ናት። በየዓመቱ ያንኑ ሰው የማይኖርበትን ጫካ የሚበሱ፣ የትም የማያደርሱ መንገዶች ያሠሩ ነበር። ጋዜጣ ቀለደባቸው፣ ምክር ቤት ጠየቃቸው። አንድም ቃል ሳይመልሱ ቢሯቸውን አስረክበው ወጡና ወደ እናቷ አገር መጡ። «ዕብደት ነው አሉት፤ እኔም ልጅ ሆኜ አፍሬበታለሁ» አለችኝ።

እኔ ደግሞ የራሴ ጣጣ መጣብኝ። እዚህ አገር የቤት በር ላይ ለደብዳቤ ማስገቢያ የተበጀ ክፍተት አለ። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ የክፍተቱ ክዳን ቀስ ብሎ ተነሳ። ጣት ታየኝ። ቀጥሎ ያ ሹክሹክታ መጣ፤ «የኋላው፣ የኋላው፣ የፊቱ ነኝ። ይሰማል?»

ኮሪደሩ ላይ ባንድ እግሬ ቆሜ ቀረሁ። ዝም ብል ደገሙት። ዝም ብል ደገሙት፤ ድምፃቸው እየተሰበረ መጣ፣ ልመና ሆነ። በመጨረሻ «ይሰማል» አልኩ። ከበሩ ማዶ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ፤ ከዚያ ጫማቸው ደረጃውን እየወጣ ሄደ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ የየቀኑ ሥራዬ ሆነ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ባለቤቴ «ምን አለበት፣ አንድ ቃል ነው» ይላል። አንድ ቃል ነው። ግን እንደ ወንድ እየተጠራሁ፣ በሰው ፈንታ «አለሁ» እያልኩ መመለሱ ሌሊት ከጎኔ የሚተኛ ነገር ይዞብኝ መጣ። ባለቤቴ በሌለበት ቀን ማን ነኝ ብዬ መስታወት ያየሁበት ጊዜ አለ።

የሟቹ ጓደኛቸው እህት የመጡት በኅዳር ማለቂያ ነው። ልጅቱ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብላ በቀጥታ ወደ እኔ ይዛቸው መጣች። ትንሽ፣ ደረቅ ያሉ አሮጊት ናቸው፤ ከሰው የተዋሱት ትልቅ ካፖርት ውስጥ ጠፍተዋል፤ ከሻንጣቸው በፊት በሻርፕ የጠቀለሉትን ረጅም ነገር ነው ያስቀመጡት። በእንግሊዝኛ ነው ያወራነው። ሻርፑን ሲፈቱት ደረቅ የእሾህ ቅርንጫፍ ነው።

በእሳቸው ወግ፣ ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሞት፣ የሥጋ ዘመዱ የዚያን የእሾህ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ የሞተበት ቦታ ይሄዳል። በስሙ ጠርቶ «ተነስ፣ ቤትህ እንሂድ» ይለዋል፤ ነፍሱ ቅርንጫፉ ላይ ሆና ትከተለዋለች። ቦታው ካልታወቀ ግን የሚጠራው የለም፣ ውጭ ቀርቶ ይንከራተታል። እናታቸው ይህን አደራ ብለው ሞተዋል፤ ሌሎቹ ወንድሞችም ሞተዋል። የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ልባቸውም ደካማ ነው፤ ከእሳቸው በኋላ ሊጠራው የሚችል ሰው በምድር ላይ የለም። ሽማግሌው ሚኒስትር ሳሉ አሮጊቷ ደጋግመው ደጅ ጠንተዋቸዋል፤ የተሰጣቸው መልስ ያ ጀግንነትና ያ ጎዳና ነው። «የጎዳናው ስም ላይ ሄጄ ጠራሁት» አሉኝ። «መኪና ብቻ ነው ያለው።»

ልጅቱም ሞክራለች። አባቷን በአገራቸው ቋንቋም፣ በእንግሊዝኛም ስትጠይቃቸው ያንኑ ንግግር ያነበንባሉ። በአማርኛ ግን ከእሱ ጋር ያወራሉ። ስለዚህ እሱን ሆኜ እንድጠይቅላቸው ለመኑኝ።

«አይሆንም!» አልኩ። ተቆጣሁ እንጂ አልኩ ብቻ አይደለም። ሙታን ሳቢ ምን እንደሚጠብቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼ ነው ያደግኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር፤ እኔ ማን ነኝ በሰው ሙት አፍ የምናገር? ልጅቱ ቀላች። አሮጊቷ ግን አልተከፉም። ቅርንጫፉን መልሰው እየጠቀለሉ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ አሉኝ። ወንድማቸው ካምፑን ጨርሶ ሲመለስ ለአንድ ቀን ተደብቆ ቤት መጥቶ ነበር። ሲለያዩ እሳቸው አለቀሱ፤ እሱም ከዚያ አገር የለመደውን አንድ ቃል አላቸው፤ ትርጉሙን ሲጠይቁት ስመለስ እነግርሻለሁ ብሎ ሄደ። እስከ ዛሬ ማንም አልነገራቸውም። ቃሉን አፋቸው ውስጥ እያገላበጡ አወጡት፤ «አይዞሽ።»

ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁና መስኮቱ ሥር አለቀስኩ። ስመለስ ትርጉሙን በምችለው ነገርኳቸው። ከዚያ ካፖርቴን ለበስኩ።

ሦስታችንም ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። ልጅቱ በሩን ከፍታ ልታስገባኝ ስትል ከለከልኳት። እሱ መቼም ቤት ውስጥ ሆኖ አላናገራቸውም። በራቸው ላይ ተንበረከኩ፤ አማተብኩ፤ የደብዳቤውን ክዳን በጣቴ አነሳሁ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ የሽማግሌ ቤትና የሳሙና ሽታ ወጣ።

«የፊቱ፣ የፊቱ፣ የኋላው ነኝ። ይሰማል?»

የደረጃው መብራት ጠፋ፤ ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። ከዚያ ከውስጥ እግር መጣ፣ ቀስ እያለ፤ ጉልበት ሲታጠፍ ሰማሁ። ከጉንጬ አጠገብ፣ ከብረቱ ማዶ፣ «ይሰማል» አሉ። «የት ነህ?»

ልጠይቅ የመጣሁትን ቀድመው ጠየቁኝ። «የተውከኝ ቦታ ነኝ» አልኩ። «የት ነው የተውከኝ?»

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ቅርብ ናቸው።» «ጭንህን ተመትተህ መራመድ አቃተህ። ሲመሽ ተመልሼ እወስድሃለሁ አልኩህ። ቅጠሉን ከእጅህ ተቀበልኩ፤ ያን ቀን የኋላው እኔ ሆንኩ። ወደ ኋላ እየሄድኩ ነበርና ዛፎቹ እስኪከልሉህ ድረስ ፊትህን እያየሁ ነው የሄድኩት። አንተም ታየኝ ነበር። ዱካውን ጠረግሁት። በደንብ ጠረግሁት፣ አንተ እንዳስተማርከኝ። ሲመሽ ተመለስኩ። የምከተለው ዱካ የለም።»

በእንግሊዝኛ ለእህትየው ቃል በቃል እያስተላለፍኩ ነው። ሳልቀንስ ሳልጨምር ነው ያልኩት።

«ጮኼ ልጠራህ አልችልም» አሉ ከውስጥ። «በሬዲዮ ጠራሁህ። ይሰማል አልክ። የት ነህ ስልህ፣ እዚሁ ነኝ አልክ። እዚሁ የት ነው? ዛፉ ሁሉ አንድ ነው። ስትተነፍስ እሰማሃለሁ፣ ላገኝህ አልቻልኩም። ነጋ። ድምፅህ እያነሰ ሄደ። ከዚያ ሬዲዮው ዝም አለ። ምን ብዬ ለእናትህ ልንገር? አልሞተም፣ ጠፋብኝ ልበል? መንገድ አወጣሁ። በዚህ በኩል ቀደድኩ፣ በዚያ በኩል ቀደድኩ። የለህም። የት ነህ?»

ጨለማው ውስጥ ልጅቱ ደረጃው ላይ ቁጭ ስትል ሰማሁ። «መንገዶቹ» አለች በስዊድንኛ፣ ለራሷ። እኔም ያ «ቅጠል አልይዝም» ያሉት ያን ጊዜ ገባኝ፤ እዚህ ዱካቸውን ሳይጠርጉ የሚሄዱት በዱካው ለመመለስ ነው።

ስለዚህ ቦታው የለም። እህትየው ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረው የመጡለት ቦታ፣ ሽማግሌውም፣ ማንም የማያውቀው ነው። የእህትየውን እጅ ያዝኩ፣ በረዶ ነው። በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው ኮታቸውን ደርበው ወጡ፤ እንደ ሌለን በመካከላችን አለፉ፤ ደረጃውን ወርደው የኋላውን በር ከፈቱ። ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። ተከተልናቸው። የሚያዩት እኔን ብቻ ነው። እየራቁ እያዩኝ፣ እያየኋቸው እየቀረብኩ፣ ጫካው ውስጥ ገባን።

ከጥዶቹ መሃል ሲደርሱ ቆሙ፤ አልቻሉም፣ ደክሟቸዋል። እህትየው ሻርፑን ፈቱ። ልቅሶ የጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ግን የተናደደች ታላቅ እህት ነው የመሰሉት። «ይሄ ልጅ ትተውት በሄዱበት ተቀምጦ አያውቅም» አሉኝ። «ሕፃን ሆኖ ከበረቱ ጠብቀኝ እለዋለሁ፣ ዞር ስል ከኋላዬ ነው። እዚያ ጫካ ውስጥ አይደለም። እኚህን ሰው ተከትሎ ነው የኖረው።» ይህን ብለው ሽማግሌውን ዞረው ከኋላቸው ቆሙ። ቅርንጫፉን ከትከሻቸው ጀምሮ ቀስ እያሉ በጀርባቸው ላይ አወረዱት፤ በአገራቸው ቋንቋ፣ በስም እየጠሩ፣ እየገሰጹ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ እያባበሉ። ነፋስ አልነበረም። ሽማግሌው ግን አንዴ ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጡ፤ ዘወር ብለው ከኋላቸው ያለውን ባዶ በረዶ አዩ። ዓይኔ ነው ብትሉኝ አልከራከርም፤ ቅርንጫፉ የእህትየውን እጅ ወደ ታች ሲጎትተው አይቻለሁ።

ቅርንጫፉን የያዘ ሰው ቤቱ እስኪደርስ ከሟቹ በቀር ማንንም አያናግርም። ስለዚህ በማግስቱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኛቸው ጉዳያቸውን ሁሉ የተናገርኩላቸው እኔ ነኝ። ቱነልባና የሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር መግቢያ ላይ ለእሱም ትኬት ካልተቆረጠ አንገባም ብለው በእጃቸው ምልክት ቆሙ፤ ቆረጥን። ባቡሩ ውስጥ ቅርንጫፉን በመስኮቱ በኩል አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ውጭውን እያሳዩት በቀስታ ያወሩታል። ጉልማርስፕላን ጣቢያ ላይ አንዲት ሴትዮ ገብታ ያን ወንበር ስትመለከት «ሰው አለበት» አልኳት። ቅርንጫፉን አየች፣ እኔን አየች፣ ሄዳ ቆመች። እኔ ለማንም አልዋሸሁም፤ ቢያንስ ያን ቀን እንደዚያ ነበር የሚሰማኝ።

ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። ሸክም የወረደለት ሰው ሆኜ ገባሁ። የደብዳቤው ክፍተት ያን ቀን ዝም አለ፤ በማግስቱም ዝም አለ። ሰላም ነው ብዬ ተኛሁ። እሑድ ዳቦ ጋግሬ ወደ ላይ ወጣሁ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ ከረባታቸው በደንብ ታስሯል፣ ፊታቸው ጥርት ብሏል፣ ልጃቸው ውስጥ ቡና እየቀዳች ነው።

«እንደምን ሰነበቱ፣ አባባ?» አልኳቸው።

ጨዋ ሰው እንደሚያደርገው ጭንቅላታቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው ጠበቁ። ደገምኩት። ከዚያ ጨነቀኝና ሹክ አልኳቸው፤ «የፊቱ፣ ይሰማል?»

ይቅርታ እየጠየቁ ፈገግ አሉ። «ቆንጆ ቋንቋ ነው» አሉኝ በስዊድንኛ። «የየት አገር ነው?»

ነገርኳቸው። አገሪቱን በካርታ እንደሚያውቋት፣ ሄደው ግን እንደማያውቁ ነገሩኝ። ልጃቸው ከውስጥ «አባዬ ሰሞኑን እንዴት ተረጋግቷል!» አለች። እሳቸው ዳቦውን ተቀብለው በሩን ሊዘጉ ሲሉ፣ አንድ ነገር የረሳ ሰው ይመስል ዘወር ብለው ከኋላቸው ያለውን ኮሪደር አዩ፤ ቆይተው ደግመው አዩ። «አንድ ሰው አብሮኝ ነበር መሰለኝ» አሉ።